«የኤኤስ/400 ፋይል ማውጣት የሚችል» ለሚል ማስታወቂያ ልቅረብ?

ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ተምረዋል፤ ሚኒያፖሊስ ያለ አንድ አከፋፋይ ድርጅት በሚቀጥለው ሳምንት ለቃለ መጠይቅ ይፈልግዎታል። ማስታወቂያው «የኤኤስ/400 ዳታቤዝ ፋይልን ወደ ስትሪም ፋይል መቀየር የሚችል» ስለሚል «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለው ጠይቀዋል።

ይሂዱ። ኤኤስ/400 እዚያው ሚኒሶታ፣ ሮቼስተር ተሠርቶ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣ የአይቢኤም የድርጅት ኮምፒውተር ነው። ሥርዓቱ ዛሬ አይቢኤም አይ ይባላል፤ ማስታወቂያ ላይ ግን የድሮው ስም አልጠፋም። የተማሩት ኤስኪውኤል እዚያም ይሠራል።

ስትሪም ፋይል ማለት ፒሲ ላይ እንዳለው ያለ ተራ ፋይል ነው፤ የሚፈተኑት ወደዚያ በሚቀይሩ ሁለት ትእዛዞች ልዩነት ነው። ጀማሪ «ኮፒ ቱ ስትሪም ፋይል» የሚለውን ሲያይ ስሙ ይስበዋል። እሱ ግን ለፕሮግራም ጽሑፍና ለተራ ጽሑፍ ነው። የሽያጭ ፋይል ውስጥ 12345.67 ብዙ ጊዜ በ4 ባይት ታጭቆ ነው የሚቀመጠው፤ በአንድ ባይት ሁለት አሃዝ፣ መጨረሻው ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ። ይህ እንደ ፊደል ከተለወጠ ቁጥሩ ይበላሻል። ለእንዲህ ያለው «ኮፒ ቱ ኢምፖርት ፋይል» ነው፤ እያንዳንዱን መስክ አንብቦ በኮማ ለይቶ ይጽፋል። የዓምድ ስሞችንም እንዲጨምር ማዘዝ ይቻላል።

ቀጥሎ የፊደል ኮድ። ትልቁ «ኤ» (A) ኢቢሲዲክ በሚባለው የማሽኑ የፊደል ኮድ 193 ነው፣ በአብዛኞቹ ሌሎች ኮምፒውተሮች 65። ስለዚህ የመድረሻውን ኮድ 1208 (ዩቲኤፍ-8) ያድርጉ። የምንጩ ፋይል ኮድ 65535 ከተባለ «አትለውጠው» ማለት ስለሆነ ጽሑፉ እንደነበረ ሊወጣ ይችላል፤ የእንግሊዝኛ ዳታ ከሆነ የምንጩን ኮድ 37 ብለው በትእዛዙ ላይ ይግለጹ። በዚያው ስም የቆየ ፋይል ካለ አስቀድመው ያጥፉት፤ አዲሱን ዳታ በአሮጌው ኮድ ይቀበለዋልና።

ፐብ400 በሚባለው፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የአይቢኤም አይ ማሽን ላይ ነፃ አካውንት ከፍተው አሥር መስመር ያለው ፋይል ይሥሩ። ከዜሮ የሚነሳ 00457 የሚል የዕቃ ኮድ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ዋጋ፣ ስሙ ውስጥ ኮማ ያለው ደንበኛ ይኑርበት። ሲያወጡት መጀመሪያ በተራ ጽሑፍ ማረሚያ ይክፈቱት። ኤክሴል ዜሮዎቹን አውልቆ 457 ስለሚያሳይ ስህተቱ ከእርስዎ ይመስልዎታል።

የሥራ ልምድ አለኝ አይበሉ። የሞከሩትን ትእዛዝ አትመው ይያዙ፤ የመዝገቡ ብዛት ከምንጩ ጋር እኩል መሆኑን እንዴት እንዳረጋገጡም ያስረዷቸው።