ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰው መሬት

ጥያቄ፦ ማሳዬ ወሎ፣ ተሁለደሬ፣ ሐይቅ በሚባለው ሐይቅ ዳር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን ጥቁር መሬት አርሼ ሽምብራ እዘራለሁ። ቡቃያው አምሮ ይነሣና ወር ሳይሞላው ከማሳው ታችኛው ጫፍ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ዩሪያ ብጨምርበት ይድናል? እስከ ውሃው ጫፍ ማረስስ ይቻላል?

መልስ፦ ዩሪያውን ይተዉት። ከማሳው ታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ቢጫነት ብዙውን ጊዜ ውሃ የተኛበት ሥር አየር አጥቶ የሚያመጣው ነው። ለማረጋገጥ አንድ እግር ሽምብራ ከነአፈሩ ይንቀሉ። ሥሩ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ከተላጠ በስብሷል። ነጭና ጠንካራ ከሆነ፣ በላዩ ያሉት እብጠቶችም ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ካለ፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ለሚመጣው ዓመት ከመዝራትዎ በፊት በታችኛው ጫፍ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ያሳድሩት። ጠዋት ውሃው ከመሬቱ ገጽ 40 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ከቆመ ያ ቦታ ገና አልደረሰም፤ ሌላ ሳምንት ይጠብቁ። ሲደርስ በመስመር ይዝሩ፦ በመስመሮች መካከል 30፣ በዘሮች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር። ለሩብ ሄክታር 30 ኪሎ ያህል ዘር ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ላይ ነው። ቁልቁል በቀጥታ ወደ ሐይቁ የሚወጣ ፈሰስ ውሃውን ቶሎ ያወርዳል፣ አፈሩንም አብሮ ይዞት ይሄዳል። የጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውሃ ወደ እርስዎ ሐይቅ ይገባል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ የገባው ደለልና ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል። ፈሰሱን አግድም፣ በጥቂቱ ብቻ አዘንብለው አውጥተው መጨረሻውን ሣር ውስጥ ያድርጉት።

እስከ ውሃው ጫፍ ማረስን በፍጹም አንመክርም። ቢያንስ 10 ሜትር ለፊላና ለሣር ይተዉ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጎጆውን የሚቆፍረው ዳር ዳሩ ባለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው፤ ጭቃ ከተኛበት ጎጆው ይደፈናል። ዳሩ ባዶ ከሆነ ክረምቱ ሲገባ ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ይትከሉ፦ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት ሦስት ቀንበጥ፣ አግድም። ለከብት መኖ ካሰቡ ደሾ ሣር ይሻላል፣ ቬቲቨር ሲያረጅ ከብት ብዙም አይወደውም። ባሕር ዛፍ ግን እዚያ ዳር አይትከሉ።