ድሬፒንግ፦ ማኔኪን ላይ ስለ መቅረጽ የጠየቃችሁኝ

ወረቀት ላይ ከመንደፍ በፊት ጨርቁን ማኔኪን (የሰው ገላ ቅርጽ ያለው የልብስ መሞከሪያ) ላይ እየሰኩ፣ እያጠፉና እየቆረጡ ልብስ ማውጣት ድሬፒንግ ይባላል። ጥያቄ ካላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ አመጣችሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሂሳብ አልወድም። በድሬፒንግ አመልጣለሁ?

አታመልጪም እህቴ፤ ታዘገዪዋለሽ እንጂ። ማኔኪኑ ላይ የተሠራው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ መስመሩ የተወላገደ ነው። በማስመሪያ ይቃናል፣ የሚገጣጠሙት ጎኖች እኩል መሆናቸው ይለካል፣ የስፌት ትርፍ ይጨመራል። ከዚያ ወረቀት ላይ ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ በምን ጨርቅ፣ እንዴት ልጀምር?

በአቡጀዲ። ርካሽ ነው፤ ድርና ማጉም በዓይን ይታያል። አጥበህ ተኩሰው። ጫፉን በመቀስ አትቁረጠው፤ በእጅህ ቅደደው። ክሩን ተከትሎ ስለሚቀደድ ጠርዙ ቀጥ ይላል። ከዚያ የድሩን አቅጣጫ ተከትለህ በእርሳስ አንድ መስመር አስምር። ያ መስመር ማኔኪኑ ደረት መሃል ላይ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። እሱ ከተንሻፈፈ ሌላው ሁሉ ይንሻፈፋል።

መስመሩን አንገት ሥርና ወገብ ላይ በስፒል ያዘው። ጨርቁን በመዳፍህ ወደ ትከሻና ወደ ብብት እያለሰለስክ ሂድ፤ ግን አትጎትት። የተጎተተ ጨርቅ ስፒሉ ሲነቀል ወደ ቦታው ይመለሳል። አንገት ዙሪያ አልተኛ ካለህ ጠርዙን በመቀስ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ብጣው። አሁን ጡት አካባቢ ትርፍ ጨርቅ ይጠራቀማል። ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው። ትርፉን ወደ ወገብ ብታጥፈው አንድ ልብስ ይወጣል፣ ወደ ትከሻ ብትወስደው ሌላ፣ አንገት ሥር ብትሸነሽነው ደግሞ ሌላ። ሁሉንም እዚያው ቆመህ ታያለህ። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ከሆነ ቀኙን ብቻ ሥራ፤ ግራውን ወረቀቱን ገልብጠህ ታወጣዋለህ።

ጥያቄ፦ ማኔኪን ውድ ነው። ምን ይሻላል?

አሮጌ ጠበቅ ያለ ቲሸርት ልበሺና ሰው በሰፊ ፕላስተር ይጠቅልልሽ። በደንብ እየተነፈሽ፣ ሳይጠብቅ። ከጀርባ ተቆርጦ ይወጣል፣ መልሶ ይለጠፋል፣ ውስጡ በጨርቅ ቁርጥራጭ ይሞላል። ውበት የለውም፤ ግን የራስሽ ቅርጽ ነው።

ጥያቄ፦ ማኔኪኑ ላይ ቆንጆ ሆኖ ሰው ሲለብሰው ይጨንቃል። ለምን?

ማኔኪን አይተነፍስም፣ አይቀመጥም፣ ታክሲ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ሂሳብ አይከፍልም። ለተሸመነ ጨርቅ ደረት ዙሪያ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መላወሻ ተዉ። ናሙናውንም ሰው ለብሶት ይቀመጥበት።

ጥያቄ፦ እኔ የድሮ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይሄ ነገር አዲስ ነው እንዴ?

ለእርስዎ አይደለም ጋሼ። ደንበኛዎን አቁመው ጎኑን በስፒል ሲያጠቡ የሚሠሩት ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ድሬፒንግ ከመጀመሪያው በዚህ መጀመሩ ነው።

ጥያቄ፦ ጨርቅን በሰያፍ (ድሩንም ማጉንም ሳይከተሉ አጋድሞ) መቁረጥ ከማን ተማርነው? በሀበሻ ጨርቅስ ይሆናል?

በዚህ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው በ1912 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የራሷን የፋሽን ቤት የከፈተችው ልብስ ዲዛይነር ማድሌን ቪዮኔ ነች። አዲስ ሐሳቧን የምትሞክረው ትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ነበር። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ገላን ተከትሎ ይወርዳል። ግን ጨርቅ ይበላል፤ ቪዮኔ ራሷ ከተለመደው ሰፋ ያለ እንዲሸመንላት ታዝዝ ነበር። የእኛ የእጅ ሽመና ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሙሉ ቀሚስ በሰያፍ ማውጣት ብክነት ነው ባይ ነኝ። ለእጅጌ ወይም ለአንገት ግን ሞክሩት። በሰያፍ የተቆረጠውን ደግሞ ዘርፉን ከማስተካከላችሁ በፊት አንድ ሌሊት ስቀሉት፤ እኩል አይወርድም።

ሽሮ ሜዳ የገዛችሁትን ጨርቅ ከመንካታችሁ በፊት ሌላም ነገር አለ። አቡጀዲ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እጥፋት በሳሳ ሸማ ላይ ይወድቃል። ሙከራውን ባረጀ ነጠላ አድርጉት። ጥለቱ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፤ በክብ ዘርፍ ላይ አስገድዳችሁ ብትሰፉት ይኮማተራል። ስለዚህ ጥለቱን መጀመሪያ ማኔኪኑ ላይ አስቀምጡ፣ ቀሪውን በእሱ ዙሪያ ቅረጹ። ጉርዱም ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ከሚሆን ከወገቡ የተሸነሸነ ይሁን። ያኔ ዘርፉ ቀጥ ይላል፣ ጥለቱም ይቀመጣል። ብዙ የሠርግ ቀሚስ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ዲዛይኑ ወረቀት ላይ አልቆ ጥለቱ በመጨረሻ ሲፈለግለት።

ጥያቄ፦ አሁን ክሎ ስሪዲ የመሰለ፣ ልብሱን ኮምፒውተር ላይ ሰው ለብሶት የሚያሳይ ሶፍትዌር አለ አይደል? ስፒል ምን ያደርጋል?

ለፋብሪካ ጨርቅ በጣም ጥሩ ነው፤ ናሙና ይቀንሳል። ግን ሶፍትዌሩ የጨርቁን ክብደትና መለጠጥ ከእናንተ ይጠብቃል። በእጅ የተሸመነው ከሸማኔ ሸማኔ ይለያያል። የቱን ቁጥር ታስገባላችሁ? መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በኮምፒውተር ብትሄዱ ይሻላል።