ባህር ኃይል ለመግባት ለምታስቡ የጅማ ልጆች

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ቤቴ እየመጣችሁ ስለ መርከብና ስለ መድፍ ብዙ ጠየቃችሁኝ፣ ጠላት በሰማይ ቢመጣስ ያለኝ ግን አንድም የለም። ምፅዋ እያለሁ ሥራዬ ይሄው የስጋት ግምገማ ስለነበር ትንሽ ልበላችሁ።

ስትገመግሙ ጠላት ምን ያስባል ከሚለው አትጀምሩ፣ የሰው ሆድ ማን ያውቃል? ምን ይችላል በሉ። አውሮፕላኑ ምን ያህል ይርቃል፣ ምን ይሸከማል፣ ከየት ይነሳል። ችሎታውም ቢሆን ባለበት አይቆምም እኮ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1940 እንግሊዞች ባለ ድርብ ክንፍ የሆኑ 21 ቀርፋፋ አውሮፕላኖች ከመርከብ አስነስተው ታራንቶ ወደብ ላይ በአንድ ሌሊት ሦስት ትልልቅ የጣሊያን የጦር መርከቦችን መቱ። አሜሪካኖቹ ይሄን ሰምተዋል፣ ግን ሃዋይ ያለው የባህር ኃይል ወደባቸው ፐርል ሃርበር ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ ነው፣ ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ከአውሮፕላን ቢጣል የባህሩን ወለል ይመታል ብለው መከላከያ መረብ ሳይዘረጉ ቀሩ፣ ጃፓኖች ደግሞ ቶርፔዶው ላይ የእንጨት ክንፍ ገጥመው መጡ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ግምገማው ልክ መሆኑ ነው። ማርቲንና ቤሊንገር የሚባሉ የአሜሪካ መኮንኖች በማርች 1941 ጠላት በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተጠግቶ ጎህ ሲቀድ ሊመታን ይችላል ብለው ቁጭ አድርገው ጽፈውታል። ዙሪያውን በየቀኑ የሚቃኝ በቂ አውሮፕላን ግን የለም፣ የምድር ጦሩ አዛዥ ደሞ የፈራው አሻጥር ስለነበር ለጥበቃ ይመቻል ብሎ አውሮፕላኖቹን ጎን ለጎን አስደረደራቸው፣ ለቦምብ ጣይ ከዚህ በላይ ምን ይመቸዋል!

ዲሴምበር 7 እሁድ ጠዋት፣ በሃዋይ፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡02 ላይ ራዳር የጃፓን አውሮፕላኖችን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ አያቸው፣ ራዳሩ ላይ የነበሩት ልጆች ደወሉ፣ ስልክ ላይ የነበረው መኮንን ከካሊፎርኒያ የሚመጡ የራሳችን ናቸው ብሎ ስላሰበ አታስቡ አላቸው። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነበራቸው እኮ! በዛ ሰዓት መድፈኛው ጥይት ያጎርሳል፣ ተዋጊ አውሮፕላን ይነሳል፣ የመርከብ በር ይዘጋል። 2,403 አሜሪካዊ ሞተ።

ስለዚህ ሪፖርት ስትጽፉ ከያንዳንዱ ስጋት ጎን ደቂቃውን ጻፉ፣ ጠላት ከታየ እስኪደርስ ስንት፣ የኛ ሰው እስኪዘጋጅ ስንት፣ ስልኩንስ ማን ያነሳል፣ እሁድስ?

የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳትሉ ደሞ፣ በኤፕሪል 1941 ከምፅዋ ወጥተው ፖርት ሱዳንን ሊመቱ ከሄዱት የጣሊያን መርከቦች ሁለቱን እዛው ፖርት ሱዳን የነበሩ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ናቸው ያሰመጧቸው፣ ታራንቶ ላይ ያየናቸው ዓይነት ቀርፋፋዎቹ። በሉ ካርታ አውጡና በሁለቱ ወደቦች መሀል ያለውን ርቀት ለክታችሁ፣ በደቂቃ አስልታችሁ ኑ።