የሙያ ምክር፦ ግሩፕ ሆም እየሠራሁ የመብት ኮሚቴ ውስጥ ልግባ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«27 ዓመቴ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አራት ወንዶች በሚኖሩበት ግሩፕ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ቀን ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) እማራለሁ። ከዚያ ሶሻል ወርክ ማጥናት ነው ሐሳቤ። አንዲት መምህሬ የአካባቢው የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ በጎ ፈቃደኛ አባላት እንደሚፈልግ ነገረችኝና አመልክቺ አለችኝ። እናቴ ግን ‹ያለ ገንዘብ ምን ያደርግልሻል? እንቅልፍሽን ተኚ› ትለኛለች። እኔም እንግሊዝኛዬ አይመጥንም ብዬ ፈርቻለሁ። አለቃዬስ ምን ይለኛል? ሌላም ነገር አለ። እኛ ቤት ከራት በኋላ ነዋሪዎቹ ስልክ እንዳይነኩ ተብሏል። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም ዝም ብያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ መልሴ አመልክቺ ነው። ግን የምትገቢው ሬዙሜሽ ላይ አንድ መስመር ለመጨመር ብቻ ከሆነ እናትሽ ልክ ናቸው፤ ብትተኚ ይሻልሻል።

ኮሚቴው ምን እንደሆነ በደንብ የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከስቴቱ ፈቃድ ወስዶ የአእምሮ ጤና፣ የሱስ ሕክምና ወይም የእድገት ውስንነት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ የሚጠየቅበት የአካባቢ የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ አለ። አባላቱ አምስትና ከዚያ በላይ ናቸው። የሚሾማቸው የስቴቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ነው፤ አንድ ዙር ሦስት ዓመት ነው፤ ደመወዝ የለውም። ቢያንስ ሁለቱ አባላት ራሳቸው አገልግሎቱን የሚያገኙ ወይም በቅርብ ዓመታት ያገኙ ሰዎች መሆን አለባቸው። የቤተሰብ አባላትም ይገባሉ፣ የጤና ባለሙያም ይኖራል። ሥራቸው ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ቅሬታ ያቀረበ ሰው ድርጅቱ በሰጠው መልስ ካልረካ ይግባኙን ይሰማሉ። ደግሞ የሰው መብት የሚገድብ እርምጃ ሲራዘም ወይም ሲደጋገም መርምረው አስተያየት ይሰጣሉ።

ተራ ሰው ለምን አስፈለገ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ሐኪሙ አለ፣ ጠበቃው አለ፣ የስቴቱ ተቆጣጣሪ አለ። መልሱን ለማግኘት ሩቅ አትሄጂም፤ እዚያው ቨርጂኒያ ነው ያለው። ሊንችበርግ አጠገብ ለሚጥል በሽተኞችና «አእምሮ ደካሞች» ተብሎ የተቋቋመ ትልቅ ማቆያ ነበር። ካሪ ባክ የምትባል ወጣት እዚያ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ያለ ፈቃዷ እንድትመክን ፈቀደ። ከእሷ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ይህን በሚፈቅደው የስቴቱ ሕግ መክነዋል። ነገሩ በድብቅ የተሠራ እንዳይመስልሽ። ሐኪም ፈርሞበታል፣ ቦርድ አጽድቆታል፣ ዳኛ ማኅተም አድርጎበታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለእሷ ይሟገታል የተባለው ጠበቃ ቀደም ሲል የዚያው ማቆያ ቦርድ አባል የነበረ ሰው ነው። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነበር። ከውጭ መጥቶ «ልጅቷን ጠይቃችኋታል ወይ?» የሚል ሰው ግን አልነበረም። በ2002 የስቴቱ ገዥ ይቅርታ ጠየቀ። ካሪ ባክ ያኔ ከሞተች ቆይታለች።

ትልልቆቹ ማቆያዎች አሁን ተዘግተዋል። የፌርፋክሱ በ2016፣ የሊንችበርጉ በ2020። እዚያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች አንቺ እንደምትሠሪበት ዓይነት ቤት ገብተዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ትንሽ ቤት ስለሆነ ብቻ መብት አይከበርም። እንዲያውም አራት ሰው ያለበት ቤት ሲሆን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጡ የሚሆነውን የሚያየው ሺፍት ላይ ያለው ሠራተኛ ብቻ ነው።

አንቺን ኮሚቴው የሚፈልግሽም ለዚህ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አንድ ድርጅት ወረቀት ይዞ ይቀርባል እንበል። ከነዋሪዎቹ አንዱ ስኳር አለበት፣ ሌሊት ተነስቶ ያገኘውን ይበላል፣ ስለዚህ ፍሪጁ ይቆለፍ ይላል። የሐኪም ደብዳቤ ተያይዟል፤ የባህርይ ባለሙያም ፈርማበታለች። ጡረታ የወጣ ነርስና አንድ ጠበቃ አንብበውት «ጥሩ ነው» ሊሉ ይችላሉ። አንቺ ግን ሌሊቱን ታውቂዋለሽ። ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚያድረው? በሌላ ሰው ምትክ የመጣች ሠራተኛ ቁልፉ የት እንዳለ ይነገራታል? የተቀሩት ሦስት ሰዎች ስኳር የለባቸውም፤ ሌሊት ወተት ሲያምራቸው ማንን ነው የሚለምኑት? ሰውየው የሚነሳው ራት በጊዜ ቀርቦ ስለሚርበው ቢሆንስ? ከመቆለፉ በፊት ሌላ ምን ተሞከረ? መቆለፊያው የሚነሳው መቼና ምን ሲሆን ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ደግሞ ከሆድሽ ያመጣሻቸው አይደሉም፤ የስቴቱ የሰብዓዊ መብት ደንብ ራሱ የሚጠይቃቸው ናቸው። መብት የሚገድብ ነገር ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ሰውየው ራሱ በሚገባው መንገድ ሊነገረው ይገባል። ገደቡ በምን ሁኔታ እንደሚነሳም መገለጽ አለበት። ከ7 ቀን በላይ ከቆየ ወይም በ30 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተደረገ ለኮሚቴው ይቀርባል። ደንቡን የሚያነብ ብዙ ሰው አለ። ደንቡ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኩሽና ውስጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አስጠነቅቅሻለሁ። እኛ ሽምግልና ያሳደገን ሰዎች ነን። ሁለት ሰው ሲጣላ ደስ የሚለን ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ሰጥተው ሲታረቁ ነው። ይህን ልማድ ይዘሽ ኮሚቴው ውስጥ ከገባሽ ትሳሳቻለሽ። ነዋሪው የራሱን ደብዳቤ ራሱ የመክፈት መብት አለው እንበል። «በሳምንት ሦስት ቀን እሱ ይክፈት፣ ሌላውን ቀን ሠራተኛው» ብሎ ማስታረቅ የለም። መብቱ የሱ ነው። ሊገደብ የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖርና በሥርዓቱ ብቻ ነው። ጨዋ ሁኚ፣ ሰው አታዋርጂ። ድርጅቶቹ ውስጥ ልባቸው የቀና፣ ሠራተኛ አጥተው የሚጨነቁ ሰዎች ሞልተዋል። ነገር ግን ለማስማማት ብለሽ የሌላውን ሰው መብት አትስጪ።

ሁለተኛው ፈተና የኛው ሰፈር ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ግሩፕ ሆም ውስጥ የሚሠራ የሀገር ልጅ ብዙ ነው፤ ባለቤት የሆኑም አሉ። አንድ ቀን የምታውቂያቸው ሰው ቤት ጉዳይ ሊመጣ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጠጋ ብሎ «ያገርሽ ልጅ እንጀራ ላይ አትቁሚ» የሚልሽ አይጠፋም። ዝምድና ወይም ጥቅም ካለሽ አስቀድመሽ ተናግረሽ ከዚያ ጉዳይ ራስሽን አግልዪ። ዝም ብለሽ አትቀመጪ፤ የካሪ ባክን ጠበቃ አስቢው። ዝምድና ከሌለሽ ደግሞ ባለቤቱ ሐበሻ ስለሆነ ጥያቄሽን አታለዝቢ፣ «አዳላች» እንዳይሉሽ ብለሽም አታክርሪ። የሰማሽውን የሰው ገመና ቡና ላይ እንዳታነሺ ደግሞ አደራ። ስም ሳትጠሪ ብታወሪ እንኳ እኛ ሰፈር የማን ቤት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

አለቃሽን በተመለከተ ደንቡ ግልጽ ነው። የድርጅት ሠራተኛ የራሱን ቀጣሪ በሚቆጣጠር ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የምትሠሪበትን ድርጅት ጻፊ። ቅዳሜና እሑድ ኦቨርታይም የምትሠሪበት ሌላ ቤት ካለም ጻፊው። ቀጣሪሽን የማይመለከት ኮሚቴ ውስጥ ቦታ ካለ ይነግሩሻል። ለአለቃሽ ደግሞ ከሌላ ሰው ከሚሰማ አንቺው ቀድመሽ ብትነግሪው ይሻላል። አጭር አድርጊው። በግል ጊዜዬ የማደርገው ነው፣ የናንተን ጉዳይ አላይም፣ እዚህ የማየውንም እዚያ አላወራም በዪው።

እንግሊዝኛሽ አያስፈራሽ። ያን የመሰለ ደብዳቤ የጻፈች ልጅ ወረቀት አንብባ መረዳት አያቅታትም። የማታውቂው ቃል ሲያጋጥምሽ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አንቺ ያልገባሽ ዓረፍተ ነገር ለነዋሪውም ሳይገባው ነው የፈረመው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው። አማርኛሽ ደግሞ ሀብት ነው። አካባቢያችሁ ልጃቸው የእድገት ውስንነት ያለበት፣ ግን መብታቸውንም ሆነ ቅሬታ የሚያቀርቡበትን በር የማያውቁ የኛ ቤተሰቦች አሉ። ቤት ዘግተው ብቻቸውን የሚሸከሙ እናቶች አሉ። አንድ ሰው በቋንቋቸው ቢያስረዳቸው ምን ያህል ሸክም እንደሚቀልላቸው ሳስብ እንድትገቢ ደጋግሜ እመኛለሁ።

ለሙያሽስ? እውነቱን ልንገርሽ። ኮሚቴው ዲግሪ አይተካም። የሶሻል ወርክ ትምህርት በባችለር ቢያንስ 400፣ በማስተርስ 900 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠይቃል፤ የኮሚቴ ስብሰባ እዚያ ይቆጠርልኛል ብለሽ አትጠብቂ። የሚሰጥሽ ሌላ ነው። ደንብ ማንበብ፣ በአንድ ጥያቄ የነገሩን ሥር ማግኘት፣ ከባለሙያ ጋር ሳይፈሩ መነጋገር ትለምጃለሽ። ይህ ደግሞ ሰፖርት ኮርዲኔተር (የነዋሪውን አገልግሎት የሚያቀናጅና የሚከታተል ሠራተኛ) ለመሆን፣ በስቴቱ የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በደመወዝ የሚሠራ አድቮኬት (የመብት ተሟጋች) ለመሆን፣ ወይም እንደ ዲስኤቢሊቲ ሎው ሴንተር ኦፍ ቨርጂኒያ ያለ ለአካል ጉዳተኞች መብት የሚሟገት ቦታ ለመቀጠር የሚፈለግ ችሎታ ነው። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቺም የምትጽፊው ነገር ይኖርሻል። ኢንተርቪው ላይ ግን የሰው ጉዳይ አትተርኪ። እንዴት እንደምታስቢ ብቻ አሳዪያቸው።

የእናትሽን ነገር ደግሞ አትናቂው። ሌሊት ሺፍት፣ ቀን ትምህርት፣ በላዩ ላይ ኮሚቴ ቀልድ አይደለም። ሳያነቡ መጥተው እጅ የሚያወጡ አባላት ነዋሪውን ይጎዱታል። ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት አንድ ስብሰባ ተቀመጪ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሰው የግል ጉዳይ ሲነሳ ብቻ ይዘጋል። እዚያ ተቀምጠሽ ወረቀቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ጊዜሽ ይበቃ እንደሆነ ታያለሽ። ይህ ሴሚስተር ከከበደሽ የሚቀጥለውን ጠብቂ።

ማመልከቻው ላይ ለምን አባል መሆን እንደምትፈልጊ ስትጽፊ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» አትበዪ፤ ሁሉም ይህንኑ ነው የሚጽፈው። ሌሊት ምን እንደምታዪ ጻፊ። ያንቺን ቤት ነዋሪዎች የሚያሳውቅ ነገር ሳትጨምሪ፣ አንድ ሰው ሻወር መቼ እንደሚወስድ፣ ምን እንደሚበላ፣ ለማን እንደሚደውል ሌላ ሰው ሲወስንለት ምን እንደሚሆን ጻፊ።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ይህ ከኮሚቴው ጋር አይያያዝም፤ መጠበቅም የለበትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እዚህ ሥራ ላይ ግን ይነቅዛል። ምናልባት ለአንዱ ሰው የተጻፈ ገደብ ይሆናል፣ ለአራቱም የተዘረጋው። ምናልባትም ማንም ሳይጽፈው ለሠራተኛ እንዲመች የመጣ ልማድ ነው። በሚቀጥለው ሺፍትሽ የእያንዳንዱን ሰው ፋይል ከፍተሽ ገደቡ ተጽፎ እንደሆነ እዪ። ከሌለ ለፕሮግራም ማኔጀርሽ በኢሜይል ጠይቂ፤ በቃል ብቻ አይሁን። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፦ «ከራት በኋላ ስልክ እንዳይጠቀሙ የሚለውን መመሪያ ፋይሉ ውስጥ አላገኘሁትም። የት እንዳለ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ክስ የለውም፣ ጥያቄ ብቻ ነው። መልስ ካጣሽ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰብዓዊ መብት አድቮኬቱ ስምና ስልክ መለጠፍ አለበት፤ እሱ ጋ ደውዪ። ቅሬታ በማቅረብሽ አንቺንም ሆነ ነዋሪውን መበቀል በደንቡ ክልክል ነው። ከስልክ ያለፈ፣ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት የሚመስል ነገር ካየሽ ደግሞ እንደ ግሩፕ ሆም ሠራተኛ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለብሽ፤ ወዲያውኑ ለአዋቂዎች ጥበቃ አገልግሎት ትደውያለሽ፣ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂም።

ማኔጀርሽ የሚመልሱልሽን ጻፊልኝ። ማመልከቻውንም ከመላክሽ በፊት አይልሻለሁ።