የሞተሩን ኋላ ዝቅ ለማድረግ ሾክ መቀየር

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ቁመቴ አጭር ነው። የምነዳው ሞተር ከኋላ ሁለት ሾክ አለው፣ ስቆም መሬት የምነካው በእግሬ ጣት ጫፍ ብቻ ነው። ጓደኞቼ አጠር ያለ ሾክ አስገጥሚ ይሉኛል። መካኒኩ ግን የነባሩን ሾክ ሞላ ቆርጠን እናሳጥረው፣ በርካሽ ያልቃል ብሎኛል። የቱ ይሻላል? 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግስ ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞላውን በጭራሽ እንዳታስቆርጪ! ሞላው ቢቆረጥም ሾኩ ራሱ አያጥርም፤ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ሾኩ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ያጠረው ሞላ ግን ቦታውን መሙላት አቅቶት ይላላል፣ ይንኳኳል፣ ከመቀመጫውም ሊንሸራተት ይችላል። የተቆረጠው ጫፍ ጠፍጣፋ ስላልሆነ ሾኩን ወደ ጎን ይገፋዋል። በእሳት ከተቆረጠ ደግሞ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል። በርካሽ ያልቃል የተባለው ውድ ሊሆንብሽ ይችላል።

ጓደኞችሽ ልክ ናቸው፣ ግን የነገሩሽ ግማሹን ነው። ሾክ ሲያጥር ብዙ ጊዜ የሚታመቅበት ርቀትም አብሮ ያጥራል። ድሮ ጉድጓድ ስትመቺ ድንጋጤውን ለመዋጥ የነበረው ቦታ አሁን ቀንሷል ማለት ነው። ስለዚህ ለአጭሩ ሾክ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልገዋል፣ ለስላሳ ሞላ ያለው ከሆነ በየጉድጓዱ መጨረሻው ላይ እየደረሰ ወገብሽን ይመታሻል። ስትገዢ ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን ሞላው ለስንት ኪሎ ሰው እንደተሠራ ጠይቂ፣ ሰው የምትጭኚ ከሆነም ያንን ተናገሪ።

አሁን ወደ 5 ሴንቲ ሜትሩ። ለእኔ ይሄ በዝቷል። 2 ወይም 2.5 ላይ ብታቆሚ እመርጣለሁ። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ፦ የኋላው ጎማ ጋ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስታደርጊ መቀመጫው 3 አይወርድም፤ አንቺ የምትቀመጪው በሁለቱ ጎማዎች መሀል ስለሆነ የምታገኚው 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የቀረውን የምታገኚው የፊቱንም ዝቅ ስታደርጊ ነው።

የፊቱን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ለመቀመጫው ከፍታ ብቻ አይደለም። ኋላው ብቻ ሲወርድ የፊት ሾኮቹ ይበልጥ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ፣ መሪው ይከብዳል፣ ሞተሩ ኩርባ ላይ ለመታጠፍ ይሰንፋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙም አይታወቅሽም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የፊት ሾክ ቱቦዎቹን የያዘውን ማሰሪያ አላልቶ ቱቦዎቹን ትንሽ ወደ ላይ ማሳለፍ ነው፣ ሁለቱንም እኩል። ፍሬን ይዘሽ ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲታመቅ የፊት ጎማው ወይም ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ከላዩ ካለ ነገር ጋር እንዳይጋጭ አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ስትገዢ የነባሩን ሾክ ርዝመት ከላይኛው ቀዳዳ መሀል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሀል ለኪ። የቀዳዳው ስፋትና የቡሹ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ቀለበት) ውፍረትም መግጠም አለበት። የአንዳንዱ ሾክ ታችኛ ጫፍ ደግሞ ክብ ሳይሆን እንደ ሹካ ሁለት ጆሮ አለው። ሁለቱን ሾክ አብረሽ ቀይሪ፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ አይሆንም።

ሲገጠም ሞተሩ ከሻንሲው ሥር ተደግፎ የኋላ ጎማው ነፃ ይሁን። አሮጌዎቹ እንደወጡ፣ አዲሶቹ ከመግባታቸው በፊት፣ አንድ ፍተሻ አለ፣ እባክሽ እንዳትዘይው። አዲሱ ሾክ ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚቀረው አስዪ፣ ከዚያ በላይኛውና በታችኛው ማሰሪያ መሀል ያለው ርቀት ያንን ያህል እስኪሆን ጎማውን በእጅ ወደ ላይ ግፉት። ጎማው ፓራፋንጎውን፣ ከመቀመጫው ሥር ያለ ሽቦ ወይም የታርጋ መያዣውን ነካ? ከነካ ያ ሾክ ለሞተርሽ አይሆንም። ይሄ በሩጫ ላይ ሰው ጭነሽ ቢደርስ ጎማውን ሊይዘው ይችላል።

ከገጠማችሁ በኋላ ሞላውን ለክብደትሽ አስተካክዪ። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው አንድ ምልክት ለኪ፣ ከዚያ ሙሉ ልብስሽንና ሄልሜትሽን አድርገሽ ተቀመጪበት፣ ሰው ሞተሩን ይያዝልሽና እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ጎማው ከሚንቀሳቀስበት ጠቅላላ ርቀት ሲሶ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጎማው 9 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 3 ገደማ። ሞተሩ ይበልጥ ዝቅ ይበል ብለሽ የሞላውን ማስተካከያ እንዳታላዪው፣ የቀረችሽን ትንሽ ርቀት ቁጭ ስትዪ ትጨርሻታለሽ።

ካቴናውም እንደገና ይስተካከል፣ ልቀቱ ይቀየራል። የጎን መቆሚያው ደግሞ ለዝቅተኛ ሞተር ይረዝማል፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ትንሽ ገፋ ሲደረግ በሌላው ጎን ይወድቃል። እሱን ማሳጠር ግድ ነው። ኩርባ ላይም የእግር ማሳረፊያው ከድሮው ቀድሞ አስፋልቱን ይነካል፣ እስክትለምጂው ቀስ በይ። የፊት መብራቱ ኋላው ሲወርድ ወደ ላይ ስለሚያይ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳይወጋ አስተካክዪው።

ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን የመቀመጫውን ስፖንጅ አስቀንሺና ሞክሪው፣ በተለይ ጭንሽ የሚያርፍበትን ጎንና ጎን። መቀመጫው ሲጠብ እግርሽ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሾኩ ሳይነካ ተረከዝሽ መሬት ሊደርስ ይችላል። ካልበቃሽ ያኔ ሾኩን ግዢ።

ነጠላ የኋላ ሾክ ያላችሁ አንባቢዎች ይሄንን ልክ እንዳለ አትውሰዱት። በእናንተ ሞተር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ሾክ ጎማው ጋ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሊያወርድ ይችላል፣ እንደ ሞተሩ አሠራር ይለያያል፤ ለራሱ ለሞዴላችሁ የተሠራውን ካልሆነ አትግጠሙ።