«ልጄ፣ ትንፋሼ ከበደኝ»

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአኔስቴዥያ (የማደንዘዣ ሕክምና) ተማሪ «ጋሼ፣ ትከሻ በብሎክ ሲሠራ ለሴዴሽን የቱ መድኃኒት ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ብሎክ ነርቭን ወግቶ ማደንዘዝ፣ ሴዴሽን ደግሞ በሽተኛውን በመድኃኒት ማረጋጋት ነው። «እንደ በሽተኛው ነው» ብያት ሄድኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እኚያ የደምቢያ አባት ፊቴ ላይ መጡብኝ።

ከበቅሎ ወድቀው፣ ትከሻቸው ተሰብሮ ነበር ጎንደር የመጡት። ያኔ ለብሎክ አልትራሳውንድ አልነበረንም፤ የአንገቱን ጡንቻ በጣት ዳስሰን፣ ክንዱ ሲነዝር እንወጋለን። 30 ሚሊ ሊትር ቡፒቫኬይን፣ የማደንዘዣ መድኃኒት፣ ሰጠኋቸው። ክንዳቸው እንደ እንጨት ሲሆን ደስ አለኝ። ገና ቆዳ ሳይነካ በደህናው እጃቸው እጅጌዬን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ትንፋሼ ከበደኝ» አሉ። «አይዞዎት አባቴ፣ ፍርሃት ነው» ብዬ ማረጋጊያ፣ ዳያዚፓም፣ ሰጠኋቸው። ደገሙት። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ ፔቲዲን፣ ጨመርኩ። ሦስተኛ አልተናገሩም።

ፍርሃት አልነበረም። አንገት ላይ ያን ያህል መድኃኒት ከተወጋ ፍሬኒክ ነርቭን ሳይዝ አይቀርም፤ ይህ ነርቭ የሚያዘው የዚያ ጎን ዳያፍራም፣ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ሥራ ያቆማል። ወጣት ቢሆን ላይታወቀው ይችላል። እሳቸው ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ጭስ የሞላበት ጎጆ ውስጥ የኖሩ፤ ከተማችንም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ከነርሷ ጋር የጥምቀት ተረኛ ማን እንደሆነ እየተከራከርን ሳለ የደም ኦክስጅን ሲወርድ የሚወፍረው የኦክሲሜትሩ ድምፅ እየወፈረ ሄደ። ጨርቁን ስገልጥ ከንፈራቸው ጠቁሯል። በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው አምቡ ባግ ስጨምቅ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ተመለሱ።

የዛሬ ልጆች ዶዙን በስልክ ታሰላላችሁ፣ የበሽተኛውን ፊት ግን አታዩም። ለነገሩ እኔም ያኔ ስልክ አልነበረኝም፤ የጥምቀት ወሬ ግን ነበረኝ።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ዴክስሜዴቶሚዲን ካገኘሽ እሱን እመርጣለሁ። ትንፋሽ ብዙም አይነካም፣ ሲጠሩት ይነቃል፤ በኪሎ 1 ማይክሮግራም በ10 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ግን የልብ ምትና ግፊት ያወርዳል፤ የትከሻ በሽተኛ ደግሞ ቀና ብሎ ነው የሚሠራው። የግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ነው፣ አንጎል ከዚያ በላይ፤ በየ10 ሳንቲሜትሩ ግፊቱ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይቀንሳል። ፕሮፖፎል ፊቱ በጨርቅ ለተሸፈነና አየር መንገዱ ከእጅሽ ለራቀ ሰው አይመቸኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ እጄ አሁንም የሚሄደው ወደ ትንሽ ኬታሚን ነው፤ ምራቅ ያበዛል፣ አንዳንዱንም ያስቃዣል፣ ግን ትንፋሹንም ግፊቱንም አይጥልብኝም።

እኚያ አባት ሲወጡ ጋቢያቸውን በአንድ እጃቸው አጣፍተው ሊሰናበቱኝ መጡ። ዳያዚፓሙ ትዝታቸውን ወስዶት «ከበደኝ» ብለው መድገማቸውን እንኳ አያስታውሱም። «ምንም ሳይሰማኝ ተሠራሁ፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

እኔም «አሜን» አልኩ።