«ከዚያ» የበዛበት አንቀጽ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። ስለ በርበሬ አንቀጽ ጻፍ ተብሎ ይህን ጻፈ፦ «እናቴ በርበሬ ታሰጣለች ከዚያ ትደልዛለች ከዚያ ገበያ እንሄዳለን ከዚያ አህያችን ዳለቻ ናት ከዚያ በርበሬ ያቃጥላል።» እንዴት ልርዳው? (እናት፣ ከቡሬ)

መልስ፦ ልጅዎ ሐሳብ አላጣም፤ እንደሚያወራው ስለጻፈ ነው። በወሬ ላይ «ከዚያ» ትንፋሽ መውሰጃ ናት፤ ወረቀት ላይ ግን የአራት ነጥብን ቦታ ትወስዳለች።

መጀመሪያ ደብተሩን ዘግተው በቃል ይጠይቁት፤ «ስለ በርበሬ ምን ልትነግረኝ ነው?» ይበሉት። «ስለ በርበሬ እጽፋለሁ» ካለ ርዕሱን ደገመው እንጂ ኃይለ ቃል (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዝ ዐረፍተ ነገር) አላወጣም። «በርበሬ ጠቃሚ ነው» ቢል በጣም ይሰፋል፤ ከሥሩ ምንም ነገር ሊገባ ይችላል። «እናቴ ትናንት በርበሬ አሰጣች» ደግሞ እዚያው ያልቃል። «በርበሬ ወጥ ውስጥ እስኪገባ ብዙ ሥራ አለው» ካለዎት ግን ይያዙት፤ የሰማው ሁሉ «ምን ምን ሥራ?» ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ (ይህችን አንዷን ይፍቀዱልን) ካለቀ ደብተር ላይ 7 ያህል ቁራጭ ወረቀት ይቅደዱለት። በአንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ። ቁራጮቹን መደብ ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን «ይህ የበርበሬ ሥራ ነው?» እያለ ይመርምር። ዳለቻዋ አህያ ትወጣለች። ወረቀቷን ግን አይጣሉበት፤ ለብቻዋ አንቀጽ ይሆናታል። የቀሩትን እንደ ሥራው ቅደም ተከተል ይደርድርና ወደ ደብተሩ ይገልብጥ፤ የመጀመሪያውን መስመር ከኅዳጉ ሁለት ጣት ያህል ገባ አድርጎ ይጀምር።

አራት ነጥብን በጆሮ ማስተማር ይሻላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። «አስጥታ» ሲል ገና ነው፣ ነገሩ ይቀጥላል፤ «ታሰጣለች» ሲል ግን አርፏል፣ ነጥቡም እዚያ ይገባል። «አስጥታ፣ ደልዛ፣ ፈጭታ፣ ሸጣ» እያለ ከሁለት በላይ ከደረደረ ያስቁሙት፤ በመሐል ባለቤቱ ሲለወጥ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል።

ተስተካክሎ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በርበሬ ወጥ ውስጥ እስኪገባ ብዙ ሥራ አለው። መጀመሪያ ዛላው ተቀንጥሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል። ድልዙ እንደገና ከደረቀ በኋላ ቅመም ታምሶ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ሄዶ ይፈጫል።» «መጀመሪያ»፣ «ሲደርቅ»፣ «ከደረቀ በኋላ» የ«ከዚያ»ን ሥራ ሠርተዋል። መዝጊያ ዐረፍተ ነገር አያስገድዱት፤ በዚህ ዕድሜ ሲያስገድዷቸው «ስለዚህ በርበሬ ጠቃሚ ነው» ብለው ነው የሚገላገሉት።

ጥያቄ፦ በአንድ ክፍል 65 ተማሪ አስተምራለሁ። የሁሉንም አንቀጽ ማረም አልቻልኩም። (መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ)

መልስ፦ ሁሉንም አይረሙ። በየሳምንቱ የ13 ልጅ ደብተር ብቻ ይሰብስቡ፤ በ5 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። የቀሩት ጎን ለጎን ተለዋውጠው ከኃይለ ቃሉ ሥር ያስምሩ፣ «ከዚያ»ን ያክብቡ። እርስዎም በአንድ ጊዜ አንድ ጥፋት ብቻ ይምረጡ፤ ይህ ሳምንት የአራት ነጥብ ከሆነ የአራት ነጥብ ብቻ ይሁን። የ«ሀ» እና የ«ሐ»፣ የ«ሰ» እና የ«ሠ» ጉዳይ ሌላ ክፍለ ጊዜ ይጠብቅ። ደብተሩ በቀይ ቀለም ተሞልቶ የተመለሰለት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጽፈው ሁለት መስመር ነው፤ ሁለት መስመር ብዙ አያሳስትማ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የምናወራው በአዊኛ ነው። ልጄ የአማርኛ አንቀጽ ሲጽፍ በአዊኛ ያስባል፤ ልከልክለው? (አባት፣ ከእንጅባራ)

መልስ፦ አይከልክሉት። ኃይለ ቃሉንና ቅደም ተከተሉን በአዊኛ ይንገርዎት፣ ቁራጮቹ ላይ ሲደርስ በአማርኛ ይጻፍ። የአዊኛም ግስ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነጥቡን የት እንደሚያደርግ ለማወቅ አይቸገርም። ቃል ከጠፋው ቦታውን ክፍት ትቶ ይለፍና አንቀጹን ሲጨርስ ይጠይቅዎት።